ሁለት ጊዜ ያለፈችው ላም

የከብት ሐኪሟ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በሳሙና ፈገፈገች፤ አሸተተችው፤ አላመነችውም፤ እንደገና ፈገፈገች። ጠዋት ጥጃ በጎኑ ተሰንቅሮበት የተጨነቀ ገበሬ ጠርቷት፣ እጇን ከላሟ ማሕፀን ከትታ ስትገፋና ስትጎትት ነበር ያረፈደችው። ጥጃውም እናቱም ተርፈዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ከእንዲህ ያለ ሥራ በኋላ እያንጎራጎረች ነበር ወደ ቤቷ የምትነዳው። ዛሬ ግን ሐኪሟ ምሳ ተጋብዛለች፤ ያውም ይህንኑ ክንዷን ለይታ ከሰደበችው ሴትዮ ቤት።

«ክንዷን ላም ቂጥ ውስጥ ስትከት የምትውል ሴት ከእኔ ገበታ እጇን አትሰድም» ነበር ያለችው ሴትዮዋ። የተናገረችው ለልጇ ነው፤ ግን በሩን ከፍታ፣ ድምጿንም ከፍ አድርጋ ስለነበር ነገሩ በማግስቱ ክሊኒክ ድረስ ደረሰ። ድመት ሊያስከትቡ የመጡ አሮጊት ሳይቀሩ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ነገሯት። ከስድቡ ይልቅ ያ ከንፈር መምጠጥ ነው ሐኪሟን ያንገበገባት።

የክንዱ ነገር ብቻ ቢሆን በሳሙና ይለቅ ነበር። የሐኪሟ እናት ግን በዚያው ቤት ከብት አላቢ ነበረች። «የአላቢዬ ልጅ ምራቴ ልትሆን?» ትላለች ሴትዮዋ፣ ልክ ባልዲው ራሱ ተነስቶ ሳሎን የተቀመጠባት ይመስል። ልጇ ደግሞ፣ ሐኪሟ በቀልድ «ከበርቴው» የምትለው፣ ያንኑ የከብት እርባታ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ለከብት ደግ፣ ለሰው ዓይን አፋር፣ እናቱ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ የሚተሳሰር። ሐኪሟ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው የወደደችው። ፍቅር እንደሆነ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ አይመጣም።

ታዲያ ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ግብዣው? ምርመራው ነው። ወተቱን የሚረከበው ድርጅት ከብቶቹ ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ መሆናቸው ይረጋገጥልኝ በማለቱ፣ ሐኪሟ የእያንዳንዷን ላም አንገት በትንሹ ላጭታ ከቆዳው ሥር መድኃኒት ወጋች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ በጣቷ ዳሰሰች። በሽታው ያለባት ላም የተወጋችበት ቦታ ያብጣል፤ የሌለባት እንደነበረ ይቆያል። ያበጠባት ላም ትወገዳለች፤ ምሕረት የለውም። ያን ዕለት ግን አንዲትም አልነበረችም። «ሁሉም ደህና ናቸው» ብላ ፈረመች። ሴትዮዋም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «እጇስ ጥሩ ነው» አለች፤ አልፋ ተርፋም ምሳ ጠራቻት።

መኪናዋን ግቢው ውስጥ ስታቆም ከበርቴው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሸሚዙን ተኩሷል። ጺሙን ሲላጭ አገጩ ሥር ምላጭ ቆርጦታል። ለእሷ ብሎ ሲቻኮል የተቆረጠ መስሏት ፈገግ አለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነበር፤ እሷ ደስታ መሰላት።

«መጣሽልኝ?»

«እጄን ታጥቤ ነው የመጣሁት፤ ካላመንክ አሽትት።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጠረባት።

«መጀመሪያ መንታዎቹን ሰላም ልበላቸው» አለች።

«ኧረ እነሱ የት ይሄዳሉ! እማዬ እየጠበቀችሽ ነው።» መንገዷ ላይ ቆመ።

«ምነው፣ በላም ትቀናለህ እንዴ?» ብላ በጎኑ ሾልካ ወደ በረቱ ገባች።

መንታዎቹ ላሞች ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ግንባራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው ናቸው። ቀድማ የወጣችው ታላቂቱ፣ ተከትላ የወጣችው ታናሺቱ ትባላለች። እናታቸው ስትወልዳቸው ስለሞተች ሴትዮዋ በጡጦ አሳድጋቸዋለች፤ ታላቂቱንማ ከወለደቻቸው ልጆች ለይታ አታያትም። ጆሯቸው ላይ ቁጥር እንዳይንጠለጠል የከለከለችውም እሷ ናት፤ «የልጆቼን ጆሮ አላስበሳም» ብላ።

ሐኪሟ የታናሺቱን አንገት አሻሸች። ለስላሳ ነው። ታላቂቱም ተራዬ ነው ብላ አንገቷን ዘረጋች። የሐኪሟ እጅ ጸጉሩ ገና እያቆጠቆጠ ካለው ቦታ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከቆዳው ሥር እንቁላል የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። ጣቷን አነሳች፤ መልሳ አሳረፈች። አለ። ላሟ አልተቆጣችም፤ ዓይኗን ጨፍና መታሸቱን ትጠብቃለች።

እንዲህ ያለ እብጠት የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይጎድላል እንጂ አዲስ አይበቅልም። ስለዚህ ያን ቀን ነበረ። ነበረ ከተባለ ደግሞ ይህ አንገት ያን ቀን እጇ አልገባም ማለት ነው። ላሞቹ በጠባቡ የእንጨት መተላለፊያ አንድ በአንድ ሲያልፉ ገመድ የሚስበው ከበርቴው ነበር። «ታላቂቱ ናት» አለ፤ ዳሰሰች፤ ደህና ነበረች። ሌሎቹ አለፉ። ከዚያ አንድ የአህያ ቀልድ እያወራ፣ እሷ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ ዓይኗ ከላሟ ይልቅ እሱ ላይ ሆኖ፣ «ታናሺቱ ናት» አለ። ዳሰሰች። ደህና ነበረች። ለምን ደህና አትሆን! በኋላ በር ዞራ የተመለሰች ያችው ላም ናትና።

ዞር ስትል በረቱ በር ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ ለብሷል።

«ታናሺቱን ሁለት ጊዜ አሳለፍካት» አለችው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከብት እንዳይደነግጥ ዝቅ አድርጋ መናገር ለምዶባታል። «አንዴ በራሷ ስም፣ አንዴ በእህቷ ስም።»

«ስሚኝ…»

«አዎን ወይም አይደለም በል።»

«አዎን።»

ምነው «አይደለም» ባለ! ቢዋሽ ይሻላት ነበር። ደሟ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጭንቅላቷ ላይ ሲፈላ ተሰማት።

«እና ስትስቅብኝ ነበር! ቀልዱም፣ ዓይንህም፣ ገመዱን ስትይዝ እጄን መንካትህም… ሁሉም ላሟን እንዳላያት ነው?»

«እሱስ ከልቤ ነበር» አለ። «ያን ዕለት ጠዋት ቀድሜሽ ዳሰስኳት። እንዳበጠ ሳውቅ መሬት ተከፈተብኝ። እማዬ ምን እንዳለችኝ አታውቂም። 'ያቺ ልጅ አንዲት ላሜን ካስገደለችብኝ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ደጄን አትረግጥም' አለችኝ። ስለ ታላቂቱ ደግሞ ታውቂያለሽ። አንቺን ላጣሽ ነበር እኮ! ለእኛ ብዬ ነው።»

«'እኛ' አትበለኝ! እኛ ብሎ ነገር ካለ፣ አንዱ ሌላውን ዓይኑን ሸፍኖ ገደል አይሰድም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ፤ እኔን ላለማጣት ብለህ አጣኸኝ፣ ገባህ? 'ሁሉም ደህና ናቸው' ብዬ በእጄ ፈረምኩ። በዚህ ክንዴ! እናትህ በሰደበችው ክንዴ!»

«አስቤበት ነበር። ቀስ ብዬ ልለያት ነበር። የእሷን ወተት ለብቻው አልበህ ድፋው ብዬ ለአላቢው ነግሬዋለሁ።»

«ምክንያቱንስ ነገርከው?»

የበሩን እንጨት በጥፍሩ ፋቀ።

«አልነገርከውም። ለማንም ምንም አትናገርም አንተ። የእህትህ ልጅ ሚጣ የምታስለው ጉንፋን ነው ብለህ ነው? እናቴ በጠራራ ፀሐይ አንገቷን በሻሽ የምትጠቀልለው ለጌጥ መሰለህ? ከዚህ በረት ያልተፈላ ወተት ጠጥታ አንገቷ አብጦ ፈነዳ፤ ጠባሳውን አይተኸዋል፤ በጣትህ ዳስሰህ አልቅሰሃል! እሱን እያወቅክ!»

ሊይዛት እጁን ዘረጋ። እሷ ወደ ኋላ አለች። እጁ አየር ላይ ቀረ፤ እሷም ያንን እጅ አሁንም እንደምትወደው ስታውቅ ንዴቷ እጥፍ ሆነ።

«ሐኪሟ! ኧረ ምሳው በረደ!» የሴትዮዋ ድምፅ ነበር ከቤት የመጣው፤ እንዲህ ደስ ብሎት ሰምታው አታውቅም።

ገበታው ረጅም ነው፤ ጨርቁ ነጭ፣ ሳህኖቹ ለእንግዳ ብቻ ከቁም ሣጥን የሚወጡት። ሴትዮዋ ለሐኪሟ ከራሷ ቀጥሎ ያለውን ወንበር ሳበችላት። ሚጣ ቀድማ ተቀምጣለች፤ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች፤ ከንፈሯ ላይ ነጭ ጺም አብቅላለች።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። መቼም እጅሽን ሰድቤያለሁ፤ አፍ ነው፣ ምን ይደረግ» አለች ሴትዮዋ። ይቅርታ መሆኑ ነው። ከማሰሮው ወተት ቀዳችላት። «ይሄ ዛሬ ጠዋት የታለበ ነው። ከታላቂቱ! አላቢው ምን እንደነካው አላውቅም፣ የእሷን ወተት ይደፋልሻል። ለካ ደፋሁ እያለ ሊሰርቀኝ ኖሯል። ካባረርኩት ጀምሮ እኔው ራሴ ነኝ የማልባት። ሚጣዬም ከሷ ሌላ አትቀምስም።»

«ተፈልቷል?» አለች ሐኪሟ።

«ወተት ሲፈላ ምን ነፍስ ይቀረዋል?»

ሚጣ አሳለች፤ ሳቀች፤ ብርጭቆውን መልሳ ወደ አፏ ወሰደች። ሐኪሟ ተወርውራ ከእጇ ነጠቀችው። ወተቱ ነጩ ጨርቅ ላይ ተደፋ። ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ!» ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሳች። «ከሕፃን አፍ ትነጥቂያለሽ? በገዛ ቤቴ?»

«ታላቂቱ ታማለች። ሳንባ ነቀርሳ አለባት። ከዚህ ወተት ማንም እንዳይጠጣ።»

«ደህና ናት ያልሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ!»

«ነኝ።»

«ታዲያ ዋሽተሻል ወይስ ሥራሽን አታውቂም?»

ሐኪሟ መልስ ነበራት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን አልተናገረችም። ከበርቴውን አየችው። ይህን ቃል ከአፉ ነጥቃ ብትናገርለት ለዘላለም ስትናገርለት ልትኖር ነው። እሱ ጨርቁ ላይ የሚሰፋውን ወተት ያያል። ሴትዮዋም እያየችው ነው፤ ዝምታውን ግን በራሷ መንገድ ተረጎመችው።

«ልቤ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ቂም ነው። እናትሽ ከዚህ ቤት በመውጣቷ የቋጠርሽው ቂም ነው። ከልጄ ጋር የገጠምሽውም ለዚሁ ነው። ከብቴን ልትጨርሺ! የአላቢ ልጅ፣ ምን…»

«እማዬ፣ በቃ!»

ገበታውን በመዳፉ ሲመታው ሳህኖቹ ተንጫጩ። ከበርቴው በዚህ ቤት ጮኾ አያውቅም፤ ሚጣ እንኳን ልቅሶዋን አቋርጣ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ታላቂቱ አብጣ ነበር። ደብቄ ታናሺቱን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩ። እሷ አታውቅም፤ እኔ ነኝ ያታለልኳት። ወተቱን ድፋው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ አላቢውን በከንቱ ነው ያባረርሽው።»

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን ተደገፈች። «ለዚች ብለህ?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«አንቺን ፈርቼ። እሷን እንዳታሳጪኝ ፈርቼ። ዕድሜ ልኬን ስፈራሽ ኖሬ ይኸው ልጅ መረዝኩልሽ!»

«እንግዲያው ምረጥ። ዛሬውኑ፣ እዚሁ። እኔን ወይስ እሷን።»

ሐኪሟ ልትክደው ብትፈልግም፣ ያን ሁሉ ተናድዳም፣ ስሟን ሲጠራ ለመስማት ጓጓች።

«አሁን ሰው የሚመርጥ የለም» አለ ከበርቴው። «ሚጣን ሐኪም ቤት እወስዳለሁ።» ልጅቷን አንስቶ ታቀፋት፤ አፏን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገላት፤ ለሁለቱም ሴቶች ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ። ሐኪሟ አልተመረጠችም፤ ግን ከተዋወቁ ጀምሮ እንደዚያች ደቂቃ ኮርታበት አታውቅም።

የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ ሴትዮዋ በሩን በጣቷ አመለከተች። «ውጪልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ደጅ እንዳትረግጪ።»

«ደጁን ይያዙት» አለች ሐኪሟ። «እኔ በረቱን ነው የምፈልገው። ላሟ ከሌሎቹ ሳትለይ አልሄድም።»

ሄዳ ቱታዋን ለበሰች፤ ቦት ጫማዋን አጠለቀች። ታላቂቱን ፈትታ ራቅ ካለው ባዶ ጋጣ ልትወስዳት ስትስብ ላሟ እግሯን ተከለች። ይህች ላም ከሴትዮዋ በቀር ለማንም አትገራም። ሐኪሟ ሳበች፣ ገፋች፣ ላብ በላብ ሆነች፣ ሰደበቻት። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች።

«ተያት፤ ታስጨንቂያታለሽ» አለች ሴትዮዋ። ገመዱን ተቀብላ፣ ላሟን በጆሮዋ አንድ ነገር ስትላት ላሟ ተከተለቻት። ጋጣው ደርሳ አንገቷን ልታቅፋት እጇን ስታሳርፍ፣ እብጠቱ ከመዳፏ ሥር ገባ። እጇን አላነሳችም።

«እናትሽ» አለች ሳትዞር። «እናትሽ የዚችን አያት ነበር የምታልበው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አላወቅኩም ነበር። እያሳለች፣ አንገቷ አብጦ… በሽታ ታመጣብኛለች ብዬ ነው ያስወጣኋት። ከእኔው ቤት እንደያዛት አላወቅኩም።»

«ቢያውቁስ ኖሮ?» አለች ሐኪሟ። «ማንን ነበር የሚያስወጡት? ላሟን ወይስ እናቴን?»

ሴትዮዋ የላሟን አንገት አጥብቃ አቀፈች። ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችም፤ የማሰሪያውን ቋጠሮ አጠበቀችና ወጣች። ለእናቷ ስትል ይህን ጥያቄ ዓመታት ሙሉ ተሸክማው ኖራለች። ጥላው ስትወጣም አልቀለላትም።

ከበርቴው ሲመለስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ሐኪሟ ቧንቧው ጋ ቦት ጫማዋን በብሩሽ ታሻለች። የተተኮሰው ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ደረቱ ላይ የሚጣ ወተትና እንባ ደርቆበታል። ልጅቷ ትከሻው ላይ ተኝታለች። አያቷ ከቤት ወጥታ ተቀበለችውና አስገባቻት።

«ምን አሉ?» አለች ሐኪሟ፣ ቀና ሳትል።

«ራጅ አነሷት። ሳንባዋ ደህና ይመስላል። ሌላ ምርመራ ቀርቷል፤ በክትትል ትቆይ ብለዋል።»

«ጥሩ።» ብሩሹ ግን አልቆመም። ከጎማው ላይ ቆሻሻ ካለቀ ቆይቷል፤ እሷ ታሻለች።

«ነገ ድርጅቱ ዘንድ ሄጄ ራሴ እናገራለሁ። አላቢውንም ፈልጌ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ፊርማሽ ላይ ጥፋት እንዳይመጣ…»

«ጥፋቱማ አለብኝ። አንተን እያየሁ ላሟን አላየሁም። እሱን ራሴ እናገራለሁ፤ አንተ የራስህን ተናገር።»

«እሺ። ይቅር በይኝ።»

«አልልህም!» ብሩሹን ወረወረችው። «ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ከዚህ ግቢ ጠግቤያለሁ። ተናድጃለሁ። ገና አልጨረስኩም፤ ገና ምኑ ተነካና!»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! እሺ እያልክ ነው ጉድ የምትሠራው!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችው። አላቀረቀረም፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፈርቶ፣ ግን ዓይኗን እያየ ቆሟል።

«ምንም አትበል። እዚያው ቁም። የሚሄድ ሰው ከሆንክ አሁን ሂድ፤ በኋላ መሃል ላይ ጥለኸኝ እንዳትሄድ። የማትሄድ ከሆነ እስክጨርስ ትሰማኛለህ። ብዙ ነው።»

«አልሄድም።»

«ዛሬ ላልጨርሰው እችላለሁ።»

«ነገም አለሁ።»

እሷም ጀመረች። ከበረቱ አልነበረም የጀመረችው፤ ከዓመታት በፊት፣ እናቷ ጨርቋን ጠቅልላ ከዚያ በር ከወጣችበት ቀን ነበር። ድምጿ አሁን ዝቅ አላለም፤ ከብቶቹ አንገታቸውን መልሰው አዩዋት፤ የሳሎኑ መጋረጃም ገለጥ አለ። እሷ ግን ማንም ቢሰማ ግድ አልሰጣትም። መሃል ላይ እንባዋ አሸነፋት፤ ለእሱ የምታለቅስ እንዳይመስለው ብላ በክንዷ ጠረገችው።

«በንዴት ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!» አለችና ቀጠለች።